ብቻውን የዞረው ጀማሪ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ክላረንስ። እንደ ማሳህ በረዶ የበዛ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው ይባላል።

ትናንት ብሬደን የሚባል ጀማሪ ለበረዶ ሆኪ ቡድናችን የመጀመሪያ ጨዋታውን ተጫወተ። እንደ ልማዳችን ወደ በረዶው አስቀድመን ሰደድነውና እኛ በሩ ላይ ቀረን፤ ብቻውን እየዞረ መሆኑን ሲያውቅ ሳቅንበት። እኔ "ልጅ ከመጨረሻው፣ ከአራተኛው መስመር ነው የሚጀምረው" ስል፣ አሰልጣኙ ከምርጦቹ፣ ከአንደኛው መስመር አጥቂዎች ጋር በእኔ ቦታ አሰለፈው። አራተኛው ለእኔ ሆነ።

ወንድም ጋሼ፣ ልጁ እንደ ኳስ የምንመታትን ጥቁር ጎማ በሁለት ተከላካዮች መሀል ሲያሾልካት አፌን ይዤ ቀረሁ። በረዶው ራሱ መንገድ የለቀቀለት ነው የሚመስለው። በዘመኔ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም።

"ሽማግሌው፣ ቦታህን አላበላሸሁብህም አይደል?" አለኝ እየሳቀ።

"ዝም ብለህ ውሃህን ጠጣ" አልኩት።

ልጆቹን ሳምልኝ። ለመሆኑ ለፀደዩ ዘር ትራክተር የሚነዳልህ ሰው አግኝተሃል? ካላገኘህ ሰው ለመቅጠር አትቸኩል።

ታናሽህ ዱዌይን