ለሐያት ሰርግ የሠራሁት መኪና

ጁን 12፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ዛሬም የግራው ፓራፋንጎ። ከጧት ጀምሮ ስቀጠቅጥ ዋልኩ። ክንዴ ዝሏል። መለዋወጫ ሻጮቹ አዲስ ነው ብለው በፖስታ የላኩልኝ ለሦስተኛ ጊዜ አልገጠመም። ስደውል ኮቪድ ነው ይሉኛል። የመብራቱን ቀዳዳ ያጠበበው ኮቪድ ነው እንዴ? ዕቃውን መልሼ ላክሁላቸው። አሮጌውን ራሱን አቃናዋለሁ። አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት ባትላሜራ የሠራሁት ለመቼ ነው?

ደብተሬ፣ አንተም እንደ ሰፈሩ ሰው ቁራሌው እንዳትለኝ። መኪናው የ1950 ሞዴል ነው፣ ሁለት በር። ከከተማ ውጭ ከአንድ ጎተራ ሳወጣው ዶሮ ይተኛበት ነበር። እዚህ ፈረንጆቹ ሆት ሮድ ይሉታል፤ አካሉ የድሮ፣ ሞተሩ ጉልበተኛ። ሁለት ዓመት ከምሠራበት ከኒው አልባኒ መጋዘን በወጣሁ ቁጥር ልብሴን እንኳ ሳልቀይር የምገባው እሱ ሥር ነው።

ለምን? ሴፕቴምበር 4 ሐያት ታገባለች። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ከቤቴ የምትወጣው በዚህ መኪና ነው። መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። አለቀ።

እጮኛዋ ናስር ብቅ አለ። ዞር ዞር ብሎ አየ። ይመቸዋል ብዬ ስጠብቅ ኤሲ አለው ወይ አለኝ። ኤሲ! ቆርቆሮውን በመዶሻ ወረቀት እስኪመስል ያሳሳሁትን ሰውዬ ኤሲ ይጠይቀኛል።

ጁን 27፣ እሑድ

ሽማግሌ መጣብኝ። እኔ ላይ! በገዛ ጋራዤ በር!

ሦስት ሆነው። ሐጂ ዑመር ፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው። እጄ ግሪስ በግሪስ ነው፣ መጨበጥም አልቻልኩ። ወንበር አቀረብኩ። ካልሰማኸን አንቀመጥም አሉ። ያኔ ነገር እንዳለ ገባኝ። ሐጂ በዱዓ ጀመሩ፣ በጤና ቀጠሉ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ኋላ ወደ መኪናዬ ዞሩ።

«እንድሪስ፣ ሙሽራ የሚወስዳት የወንዱ ወገን ነው። አባት ይሸኛል እንጂ አያደርስም» አሉኝ።

ማን ላካችሁ አልኩ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሱ ይቆየን አሉ። ይቆየን! የማላውቅ መስሏቸው። የናስር እናት ባለፈው ስልክ ላይ ስለ አንድ ረጅም ነጭ የኪራይ ሊሞ ስታወራ ነበር። እነሱ ናቸው። የኔ መኪና አሳፈራቸው። ጎረቤት ምን ይላል ብለው ነው።

ሽማግሌ ቆሞ እያየ እምቢ አይባልም። ላስብበት አልኩ። ተቀመጡ። ውሃ ጠጡ። መረቁኝ ሄዱ። እኔ ግን የማስበው ነገር የለኝም። ልጄን የኪራይ ጎማ አይወስዳትም።

ጁን 30፣ ረቡዕ

ተነሳ! ሞተሩ ተነሳ! መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ሁለተኛ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ሦስተኛው ላይ ያዘ። የቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ዘይነብ እጇ እንደ ረጠበ ከማድቤት ሮጣ መጣች። ባለቤቴ እንደዚያ ስትስቅ ካየሁ ቆይቻለሁ። እልል አለች። ክሊቭላንድ አቬኑ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።

የናስር ቤተሰቦች ይሄንን ይስሙ አልኳት። ሳቋን አቆመች። ድስቱ አረረብኝ ብላ ገባች።

ጁላይ 10፣ ቅዳሜ

ተዋረድኩ። ራሴን ያዋረድኩት ራሴ ነኝ፣ ግን ተዋረድኩ።

ጠዋት ቀለሙን ቀብቼ ጨረስኩ። ጥቁር ሰማያዊ። ፊት ያሳያል። እያየሁት ንዴቴ ተነሳ። እንዲህ ያለውን ነው የሚንቁት? ልብሴን ቀይሬ ፖላሪስ ሄድኩ፣ ናስር የሚሠራበት የስልክ ሱቅ። ደንበኛ ፊት ነው። ወንድ ከሆንክ ራስህ ንገረኝ፣ ሽማግሌ ምን አስላከህ አልኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ። አንዲት ሴትዮ ስልኳን ጥላ ወደ ኋላ ሸሸች።

ልጁ አፉን ከፈተ። ምን ሽማግሌ ጋሼ? አለኝ። ፊቱን አየሁ። ውሸት የለበትም። እዚያው እናቱ ጋ ኮል አደረገ፣ ስፒከር ላይ አስገባት። ወላሂ አልላክንም አለች። ሊሞውን እንዲያውም ትተነዋል፣ ያንተ መኪና ይበልጣል ብለን አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ።

ታዲያ ማነው የላካቸው?

ጁላይ 11፣ እሑድ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ሐጂ ዑመር ቤት ሄድኩ። አልነግርህም፣ አደራ ነው አሉ። ተመልሼ ዘይነብን አፋጠጥኳት። ቁጭ በል አለች። አልቀመጥም አልኩ። እንደ ቆምኩ ነገረችኝ።

ሐያት ናት።

ልጄ! ለአባቷ ሽማግሌ ላከች! በአማርኛ ስጠራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ፤ በዒድ መስጊድ በር ላይ ማን ማን እንደሆነ አጠገቧ ቆሜ የምነግራት ልጅ። ማንን መላክ እንዳለባት ታውቃለች! ስንት ሰው እንደሚላክ ታውቃለች! እንዳይቀመጡ ሁሉ ነግራቸዋለች መሰለኝ። እንደ ጠላት። እንደ ደም ባላጋራ። አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን እኮ፣ በሩን አንኳኩታ አባ አልፈልግም ማለት ምን ነበረበት?

ዘይነብ መለሰችልኝ። ሦስቴ ሞክራ ነበር፣ ሦስቴም ስለ ካርቡራተር ነገርካት አለች።

አልበላሁም።

ጁላይ 21፣ ረቡዕ

የዓረፋ ማግስት። አሥር ቀን አላናገርኳትም። ትናንት በዓሉን እንኳ እጄን ስትስመኝ ሌላ ቦታ እያየሁ ነው የሰጠኋት።

ዛሬ ጋራዥ መጣች። የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች፣ የሆስፒታል ባጇ አንገቷ ላይ። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ብዙ አወራች፣ ግማሹን በነሱ ቋንቋ። መኪናውን ትወደዋለች። አላፈረችበትም። ነገሩ ሌላ ነው። ባለፈው የጓደኛዋ ሰርግ ላይ፣ አባትየው በር ላይ ቆሞ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አድርጎ ሲመርቃት አይታለች። መኪኖቹ ታጥፈው እስኪሄዱ ከቤቱ ደረጃ አልወረደም አለችኝ። የሙሽራዋ ዓይን በኋላ መስታወት እሱ ላይ ነበር። እኔ መሪ ከያዝኩ በሩ ላይ የሚቀረው ማነው?

«አባ፣ አይ ሃቭ ኢናፍ ድራይቨርስ፣ ሹፌር ሞልቶኛል። አንተ ቤት ሁንልኝ» አለችኝ።

ምን መለስኩ? ቀለሙ አዲስ ነው፣ እንዳትደገፊው። ይሄው ነው የመለስኩት። ባልዲውን ቦታው መልሳ ሄደች።

ኦገስት 1፣ እሑድ

አሁንም ንዴት። ሳምንት ሙሉ መኪናውን አልነካሁም። የበሩ መክፈቻ ከመጣ አራት ቀኑ፣ ካርቶኑን አልከፈትኩም። እልህ ይሁን ቁጣ አላውቅም። ደግሞ ማን ላይ ነው የምቆጣው? ልክ ናት እኮ። የሚያበሳጨኝ እሱ ነው፣ ልክ መሆኗ።

ለሌላ ሰው አልናገረውም፣ ላንተ ልጻፈው። ለምን መንዳት ፈለግህ ቢሉኝ ክብር ነው፣ ስጦታ ነው እል ነበር። ውሸት ነው። የሚነዳ ሰው መንገድ ያያል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ እጁ ሥራ አለው። በር ላይ የሚቆም ሰው ባዶ እጁን ነው። ያንን ፈርቼ ነው። ልጄ ስትሄድ ቆሜ ማየት ፈርቼ ነው ሁለት ዓመት መኪና ሥር የተኛሁት።

ኦገስት 8፣ እሑድ

የበሩን መክፈቻ ገጠምኩ። ከዚያ ናስር ጋ ደወልኩ፣ ና አልኩት። ፈርቶ መጣ፣ አጎቱን ይዞ። ለፖላሪሱ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። የሚስመኝ ሰው አልፈለግሁም፣ ሥራ ነበረኝ።

የመኪናውን ታይትል፣ የባለቤትነት ወረቀቱን፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። በስምህ አዛውረዋለሁ አልኩት። የወንዱ ወገን መኪና ይሁን፣ ሐጂ ዑመርም የሚሉት አይኖራቸውም። አንተው ነድተህ ትወስዳታለህ። አጎቱ ሙሽራ ራሱ አይነዳም ሊል ጀመረ። አየሁት። ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ።

ሐያት ከኋላ ቆማለች። እያለቀሰች ነው። እኔ ግን ወደ ናስር ዞሬ ግባና አስነሳው አልኩት።

ቁልፉን ይዞ ገባ። ወደ ታች አየ። ሦስት ፔዳል ለምንድነው አለኝ።

ያ ረቢ! ማርሽ አያውቅም! ሠላሳ ዓመቱ ነው። አውቶማቲክ ሌላ ነድቶ አያውቅም። ሰባ ዓመት የቆየ መኪና ሰጥቼ እንደ ሰባት ዓመት ሕፃን ከሀ ሁ ልጀምርለት?

ኦገስት 22፣ እሑድ

እሑድ እሑድ ክፍት የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ እያስተማርኩት ነው። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ እላለሁ። ይለቀዋል እንደ ጋለ ብረት። ሞተሩ ይጠፋል። ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ። መቁጠር አልፈልግም፣ ግን ይቆጠራል። ካምቢዮው ሲንጫጫ ጥርሴን ያመኛል። ጮህኩበት። ስድብም አምልጦኛል፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ልጁ አይቆጣም። እንደገና ጋሼ፣ ይላል። እንደገና።

አንዴ ከተንቀሳቀሰ ደህና ነው። ሁለተኛም ሦስተኛም ያስገባል። ችግሩ መነሻው ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚያየውም እዚያ ነው።

ኦገስት 29፣ እሑድ

ዛሬ የጠፋበት አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ሐያት ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። ሲጠፋበት ትስቃለች። እሱም ይስቃል። እኔ ውጭ ቆሜ ነው የማየው። አልሳቅሁም። ምኑ ያስቃል?

ሴፕቴምበር 3፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ታጥቧል። ተወልውሏል። አበባው ነገ ጠዋት ይታሰራል። ቁልፉን ለናስር ሰጥቼዋለሁ። መለዋወጫ ቁልፍ የለም።

ሰው ሁሉ ተነሳብኝ። ዘይነብ፦ ካልተነሳለት ዘለህ ገብተህ አስነሳለት። አጎትየው ደወለ፦ ለጥንቃቄ ፊት ወንበር ቢቀመጡስ? ሐጂ ዑመር ሳይቀሩ ከመስጊድ ስንወጣ ጎተቱኝ፦ ባይሆን ከመኪናው አትራቅ፣ እንግዳ ፊት ልጁ እንዳይዋረድ። አየህ? ከመሪው ያወረዱኝ ሰዎች ናቸው ዛሬ ውጣበት ብለው የሚለምኑኝ! በጁን ደንብ ነበር። በሴፕቴምበር ደንቡ የት ሄደ? ሐጂን እንደዚያ አልኳቸው፣ በአደባባይ። ቅር አላቸው። ይበላቸው።

ያልጠየቀችኝ ሐያት ብቻ ናት።

ወስኛለሁ፣ ጻፈው። ነገ ግሪሱን ከጥፍሬ አወጣለሁ። ነጭ እለብሳለሁ። የቤቴ በር ላይ፣ ከደረጃው ጫፍ እቆማለሁ፣ እጄን ጭንቅላቷ ላይ አድርጌ የማውቀውን ምርቃት ሁሉ እመርቃታለሁ። ከዚያ ገብታ ትቀመጣለች፣ ልጁ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ሞተሩ ይጠፋል። አንዴ። ምናልባት ሦስቴ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል።

ከደረጃው አልወርድም።