የሞሬታ ጥጃ የት ተወለደ

ለምወድሽ እህቴ፣

ይህ ወረቀት ማንሬሳ ሲደርስ አንቺንም ባለቤትሽንም በጤና ያግኛችሁ። ወገብሽ እንዴት ሆነ? ደረጃውስ አሁንም ያስቸግርሻል? ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ደከም ብሎብኝ ሳስብ ሰነበትኩ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሌን ኢሲድረን ጉልበቱ እንደ ልማዱ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረዋል፤ ከዚያ ውጪ ምን ጎደለብኝ ሊል ነው፣ ያቀረቡለትን ጠራርጎ ይበላል። ላሞቹ የዛሬ ሳምንት ወደ ላይኛው ግጦሽ ወጡ። ሌላ ጊዜ ቃጭላቸው ሲርቅ ሆዴ ይባባል፤ ዘንድሮ ግን ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ባለቤትሽ ሁልጊዜ ከስልኩ አጠገብ ስለሚቀመጥ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ የት እንደምታኖሪው አንቺ ታውቂያለሽ።

ደስታውን ላስቀድምልሽ። ስሙን አገኘን! ከእንግዲህ እኛ ተራራ ላይ ያላደገ ጥጃ በተራራችን ስም አይሸጥም። የገና ለት ከሰፈርሽ ሱቅ የገዛሽው ሥጋ ትዝ ይልሻል? ማሸጊያው ላይ የእኛ ተራራ ከነበረዶው ተሥሎ፣ ሥጋው ግን ሜዳ ላይ በጋጣ ታስሮ የዱቄት ወተት ሲጋት የከረመ ጥጃ ነበር። አንድ ጉርሻ ቀምሰሽ «ይሄ የእኛን ሣር አያውቅም» ብለሽ ሳህኑን የገፋሽው። ያ ነገር ቀረ። አሁን ልክ እንዲህ ደስ ብሎኝ ስጽፍልሽ፣ ይህን ስም ለሃያ ሦስት ቤት ላጠፋው የነበርኩት እኔ መሆኔን ማን ያምናል?

ልጄ ከራልት ለዚህ ነገር ሦስት ዓመት ስትሮጥ እንደኖረች ታውቂያለሽ። ከተማ የነበራትን ሥራ ጥላ መጥታ፣ ወረቀት በወረቀት ላይ ስትከምር፣ ጎረቤታችን ባልዲሪ ባያት ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ይተርባት ነበር። ይተርብ እንጂ እሱም ውስጥ ውስጡን ተስፋ ያደረገው እሷን ነው። ስሙ ካልመጣ በመስከረም ከብቶቹን ሊሸጥ ከነጋዴ ጋር ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ሌሎቹም ቢሆኑ እንደዚያው። ከሜዳው ጥጃ እኩል እየተሸጠ ማን ተራራ ለተራራ ይንከራተታል? ይህ ዓመት ለሸለቆው የመጨረሻው ሊሆን ይችላል እየተባለ ነው የገባነው።

ደንቡን የጻፈችውም ከራልት ናት። ጥጃው በተራራው ቤት የተወለደ፣ የእናቱን ጡት የጠባ፣ ከእናቱ ጋር በላይኛው ግጦሽ የከረመ ይሁን ይላል። ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ስታነብልን ከሁሉም አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

በመጋቢት ሞሬታ ወለደች። ሞሬታን ታውቂያታለሽ፣ ያቺ ጠቆር ያለችው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ባርኔጣሽን የበላችብሽ። ጥጃዋ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ጡቷ ተወጥሮ ስትጮህ መስማት አቃተኝ። ከራልት ያን ሳምንት ለወረቀቷ ባርሴሎና ነበረች። ቪክ ሜዳ ላይ የወተት ላም ያለው አንድ ሰውዬ ጋ ደወልኩና የአራት ቀን ወንድ ጥጃ ሰጠኝ። አባቱ የእኛው ዓይነት ቡኒ ኮርማ ስለሆነ መልኩ ከእኛዎቹ አይለይም፤ ጆሮውም ገና ምልክት አልገባበትም።

ከዚያ አያታችን እንዳሳየን አደረግኩ። የሞተውን ገፈፍኩት፣ ቆዳው ላይ ለእግር ቀዳዳ አወጣሁ፣ ለእንግዳው አልብሼ በሆዱ ሥር በሲባጎ አሰርኩለት። የመጀመሪያ ቀን ሞሬታ አሽትታ በግንባሯ ገፋችው። በሁለተኛው ቀን ቆመችለት፣ ዞራ ግን አላየችውም። በአራተኛው ቀን ላሰችው። ቆዳው መሽተት ስለጀመረ አወለቅኩለት፤ ያለ ቆዳውም ላሰችው። አያታችን «ላሟ እሺ ካለች አንቺ ማነሽ እንቢ የምትይ?» ይለን አልነበር? ምልክቱን ጆሮው ላይ አደረግኩና መዝገቡ ላይ እናት በሚለው ሞሬታ፣ የትውልድ ቦታ በሚለው የእኛን ቤት ጻፍኩ። እውነቴን ነው እህቴ፣ ስጽፈው ውሸት መሆኑ ዝንብ ያህል እንኳ አልከበደኝም። አገሩ ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ ነው የኖረው።

በግንቦት ስሙን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አንዲት መርማሪ ላከ። ረዘም ያለች፣ ጫማዋ ጭቃ ቢበላውም የማትነጫነጭ፣ ደግ ሴት ናት። ከዝርዝሩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ቁጥር መረጠች፤ የተመረጡት ጥጆችና እናቶቻቸው ከጅራታቸው ፀጉር ተነቅሎ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፣ እናትና ልጅ መሆናቸው ይጣራል አለችን። ከእኛ ቤት የወጣው ቁጥር የዚያ የቪኩ ጥጃ ሆነ። ገመዱን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ጥጃው አንገቱን ሞሬታ ሆድ ሥር ቀብሮ ሲጠባ መርማሪዋ ቆማ አየችና፣ እኛ ለማየት የመጣነው ይህንን ነው ብላ ከራልትን ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ከራልት በኩራት ፊቷ ቀላ። ያኔ ነው የጻፍኩት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ። በእኔ እጅ ጽሑፍ የልጅቷ የሦስት ዓመት ልፋት ገደል ሊገባ ነው።

ለኢሲድረ ብነግረው «አንቺ ሴትዮ ዝም በይ፣ የጅራት ፀጉር ምን ያወራል» አለኝ። ሰው ግን ዝም በል ስለተባለ ሆዱ ዝም አይልለትም። ምግብ አልወርድ አለኝ። ከራልት በጎን እያየችኝ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ስትል፣ ድንች በዝቶብኝ ነው እላታለሁ። በየቀኑ ፖስተኛው ሲመጣ መጀመሪያ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። የቤተ ሙከራው ደብዳቤ ከመጣ ምን ላደርግ እንደነበር አትጠይቂኝ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆኜ፣ አንድ ጠዋት ሜዳው ላይ ላሞቹን ጨው ስናልስ ለከራልት ነገርኳት። የጨው ከረጢቱን መሬት አስቀመጠች። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሞሬታ እስክትቀበለው ስንት ቀን ፈጀባት ብላ ጠየቀችኝ። አራት አልኳት። ታዲያ ለምን በእኛ ቤት ተወለደ ብለሽ ጻፍሽ አለችኝ። «የሷ ነዋ፣ ማን ነው የሷ አይደለም የሚል?» አልኩና አለቀስኩ። ያኔ ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦ «እማዬ፣ የሷ አይደለም ያለ የለም። ግን የተወለደበትን ብትጽፊ የጠባው ወተት አይፈስም። ለሁለቱም ቦታ ነበረው እኮ ወረቀቱ ላይ።» ይህን ስትል ዓይኔን አላየችም፣ ጥጃውን ነበር የምታየው። እኔም ለጊዜው የጥጃውን ነገር ብቻ ነው የሰማሁት።

ራሷ ለጎረቤቶቻችን ልትነግርልኝ ፈቃደኛ ነበረች። እንቢ አልኩ፣ ያቦካሁት እኔ ስለሆንኩ የምጋግረውም እኔ ነኝ ብዬ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ አዳራሽ ሲሰበሰብ ቆሜ ተናገርኩ። ጥጃው ከቪክ ሜዳ መምጣቱን፣ ቆዳውን፣ የጻፍኩትን፣ ፀጉሩ መወሰዱን፣ ሁሉንም። ስጨርስ የሃያ ሁለት ቤት ሰው ዓይኑን ተክሎብኝ ባለበት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ባልዲሪ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እሱ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ «እንግዲህ ንስሐ ከሆነ ነገሩ... የእኔም አንዷ እዚህ አልተወለደችም» አለ። ሚስቱ ከጎኑ ሆና፣ «ሁለት! ሁለት ናቸው በል፣ ምን ታፍራለህ፣ ቆዳ የሰፋሁት እኔ!» ብላ አሰጣችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ሌላ እጅ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ። አራት ቤት፣ አምስት ጥጃ! ከራልት ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ ትሳቅ ይሁን ታልቅስ አልለየሁም። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ «ጋሽ ባልዲሪ፣ ላሟ በሰማይ አልነበረችም ማለት ነው፣ በቪክ ነበረች» ስትለው እሱ ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

እዚያው ደንቡ ላይ አንድ መሥመር ጨመርን። ከሌላ ቦታ የመጣ ጥጃ ላም ብትቀበለውም ከነትውልድ ቦታው ይመዘገባል፣ ያለ ተራራው ስም ይሸጣል። አምስቱም ከዝርዝሩ ወጡ። ከራልት በማግስቱ የሆነውን ሁሉ ለመርማሪዋ ጽፋ ከእኛ ፊርማ ጋር ላከችው። የቤተ ሙከራው ውጤት የወጣው ከዚያ አምስት ቀን በኋላ ነው። ጥጃውና ሞሬታ አይዛመዱም ይላል። መርማሪዋ ደውላ፣ ደብዳቤያችሁ ቀድሞ ባይደርሰኝ ኖሮ ፋይላችሁን ዘግቼው ነበር ብላለች። ማክሰኞ ስሙ መጽደቁ ተነገረን። ባልዲሪ ነጋዴውን ከበር መለሰው። እፎይታው እንዴት እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፤ ሳልነሣ ሁለት ሳህን ጎመንና ድንች በላሁ፣ ኢሲድረ የራሱን ድርሻ በክንዱ ከለለብኝ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይህ አይደለም።

ማክሰኞ ከሰዓት ከራልት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የጥጃውን ወረቀት እያስተካከለች ነበር። የትውልድ ቦታ፣ ቪክ ሜዳ። ያጠባችው ላም፣ ሞሬታ። ጽፋ አነበበችልኝና፣ እንዲህ ቀላል ነው አይደል አለችኝ። ቀላል ነው አልኳት። እስክሪብቶውን ሳታስቀምጥ፣ ልክ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ «እኔም የልደት ወረቀቴን በሃያ ዓመቴ ለፓስፖርት ብዬ ማንሬሳ ሄጄ አውጥቼዋለሁ» አለችኝ።

እህቴ፣ በረዶ መንገዱን ዘግቶ ሳለ እዚሁ ቤት፣ በላይኛው ክፍል ተወለድሽ እያልኩ ያሳደግኳት ልጅ ናት። በረዶው ስንት ክንድ እንደነበር ሳይቀር ነግሬያታለሁ። ወረቀቱ ላይ እናት በሚለው የማን ስም እንደተጻፈ እኔም አንቺም እናውቃለን። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አሥር ዓመት ሙሉ አውቀሽ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ሁለታችሁም ስትፈሩ እያየሁ እንዴት ልናገር፣ ራሳችሁ እስክትነግሩኝ ጠበቅኩ አለች። ቀጥላም፣ «እኔን አሥር ዓመት አስጠበቃችሁኝ፣ ጥጃው በሦስት ወር አስለፈለፈሽ» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷ የማንን እንደሚመስል ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ አየሁት። ከዚያ ተነሥታ አቀፈችኝ። እማዬ ነው ያለችኝ። እንደ ትናንቱ፣ ምንም ሳትቀይር።

የምታጣኝ መስሎኝ ነበር የኖርኩት፣ ወይም የማጣት። አንቺም ትወስጂብኝ ይመስለኝ ነበር፤ በየበጋው ስትመጪ ከእሷ ጋር ብቻችሁን እንዳትቀሩ ሰበብ የምፈልገው ለዚያ ነበር። እያወቅሽ ዝም እንዳልሽኝ አሁን ይገባኛል። ይቅር በዪኝ።

ከራልት ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ አንቺ ትመጣለች። «ጻፊላት፣ ድንገት በሯ ላይ ቆሜ አላስደንግጣት» ያለችኝ እሷ ናት። የምትጠይቅሽ ብዙ አይደለም፤ የሆነውን ከራስሽ አፍ መስማት ነው የምትፈልገው። ለባለቤትሽ ምን እንደምትይው የራስሽ ጉዳይ ነው፣ ማን ብለሽ ብታስተዋውቂያት አትቀየምሽም። በሩን ግን አንቺ ራስሽ ክፈቺላት።

እመቤታችን ወገብሽን ታጽናልሽ፣ ልብሽንም ታሳርፍልሽ። የቤትሽ ምድጃ አይጥፋ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ኢሲድረ ሰላም ብሎሻል። ልጃችንን ደህና አድርገሽ ተቀበያት።

እህትሽ