አንድ ዓይን ያለው መኪና

ይድረስ ለአባቴ ለአለቃ አስረስ፤ ደብረ ታቦር።

አባባ፣ ዝቅ ብዬ ጉልበትዎን እስማለሁ። እንዴት ሰነበቱ? ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? እግርዎ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ይወጣል ወይስ በበቅሎ ነው የሚሄዱት? የእናቴ የወገብ ሕመምስ ለቀቃት? ገብሱን ውርጭ ዘንድሮ ማረው? ዓይንዎ ፈጽሞ እንደ ደከመና ሰውን በድምፁ ብቻ እንደሚለዩ እህቴ እቴነሽ ጽፋልኝ ነበር። የማርያምን መቅደስ ሦስት ግድግዳ በእጁ የሣለ ሰው አራተኛው ነጭ እንደ ሆነ ዓይኑ መጥፋቱን ሳስብ ምግብ አይወርድልኝም። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆንሁበትን ከዚህ በታች እጽፋለሁ።

እቴነሽ፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አንድ ነገር ልለምንሽ። የማይጥምሽን እየዘለልሽ የማንበብ ዓመል አለሽ። ዛሬ አንድም መስመር እንዳትዘይ። ማልቀስ ቢያሰኝሽም መጀመሪያ አንብበሽ ጨርሺ።

አባባ፣ እዚህ ቶሪኖ የምሠራውን በደንብ ነግሬዎ አላውቅም። ልጄ መኪና ይሠራል እያሉ ለጎረቤት ሲናገሩ መኖርዎን አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ ጭቃ ለቅላቂ ነኝ። ጌታዬ ሲኞር ባልዲሳሪ የመኪና መልክ የሚነድፍ ሰው ነው። እርሱ በወረቀት ይነድፋል፣ እኔ ንድፉን አይቼ በጭቃ እቀርጸዋለሁ፤ ፋብሪካው በብረት የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ምድጃ ስትለስን ያየ ሰው የእኔን ሥራ አየ ማለት ነው።

ይህ ሰው በዕድሜው ሦስት ዓይነት እጅ ነበረው። እኔ ሳልቀጠር በፊት የነደፋቸው መኪኖች አምሳያቸው በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሁሉም ክብ ክብ ናቸው፤ ማዕዘን የሚባል የላቸውም፤ ኋላቸው እንደ ጠገበች በቅሎ ያበጠ ነው። ስለ እነርሱ ሲጠየቅ፣ ወጣት ነበርሁ፣ ሰው ሁሉ እንዲወደኝ እፈልግ ነበር ይላል። እኔ በ1963 ዓ.ም. ከአሥመራ ስመጣ ግን እጁ ተለውጦ ነበር። አፍንጫቸው እንደ ማረሻ የሾለ፣ ከመሬት የተጣበቁ፣ ቆመው ሳለ የሚሮጡ የሚመስሉ መኪኖች ይነድፍ ነበር። ለመግባት መተኛት ያስፈልግ ነበር። አንድ ወፍራም ነጋዴ ገብቶ መውጣት ቢያቅተው ለሁለት ሆነን ጎትተን አወጣነው፤ ሲኞር ባልዲሳሪም ሰውየውን ተቆጣ እንጂ መኪናውን አልተቆጣም። ኋላ ቤንዚን ሲወደድ እነዚያን የሾሉ መኪኖች የሚፈልግ ጠፋ። እርሱም ነጭ ወረቀት ፊቱ አስቀምጦ መዋል ጀመረ።

ከሾሉት መኪኖች የአንዱን ንድፍ የላክሁልዎ ያን ጊዜ ነው። ትዝ ይልዎ ይሆን? ዓይንዎ ገና ደህና ነበር። በእቴነሽ እጅ ያስጻፉልኝ መልስ፣ «ልጄ፣ ይህ መኪና ምን በድሎ ነው አንድ ዓይን የሰጣችሁት?» የሚል ነበር። ከጎን ስለ ተነደፈ አንዱ መብራት ብቻ ነበር የሚታየው። ሳቅሁ። ስተረጉምለት ሲኞር ባልዲሳሪም ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ምን ማለታቸው ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እርስዎ ያስተማሩንን ነገርሁት፤ «ጻድቁን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ሁለት ዓይን ስጡት፤ ይሁዳን ግን ከጎን ሣሉት፣ ለእርሱ አንድ ዓይን ይበቃዋል» ይሉን እንደ ነበር። አላመነኝም። ስለዚህ ከሣጥኔ የብራናውን መጽሐፍ አውጥቼ አሳየሁት።

አዎ፣ አባባ፣ የብራናው መጽሐፍ። ከመምህርዎ የወረሱት፣ የሥዕሉ ሁሉ ንድፍ ያለበት። ደቀ መዝሙርዎን ደሳለኝን ሰረቀኝ ብለው ያባረሩበት መጽሐፍ። የሰረቅሁት እኔ ነኝ።

በ1959 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ፣ ለእናቴ «መጽሐፉን የማወርሰው ለደሳለኝ ነው፤ የይርጋ እጅ ይቸኩላል፣ የዚያ ልጅ ግን ይጸናል» ሲሉ ከደጅ ሆኜ ሰማሁ። ልጅዎ እኔ ነኝ፤ እርሱ ከእስቴ የመጣ የሰው ልጅ ነው። ቀናሁ። በጋቢዬ ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ። ዓመት ሳይሞላ፣ ደሳለኝ በሕዝብ ፊት ሌባ ተብሎ እንደ ተባረረና አራተኛው፣ የሰሜኑ ግድግዳ ሳይሣል እንደ ቀረ እቴነሽ ጻፈችልኝ። ያን ቀን አንድ መስመር ብመልስ ይበቃ ነበር። ወረቀት አነሣሁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅሁ፣ አጥፌ ላክሁ። እንዲህ እያልሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ዝናብ ስጠይቅዎ ኖርሁ። ንጹሕ ሰው አስባርሬ እርስዎንም በማያውቁት በደል ውስጥ ከተትሁዎ።

ሲኞር ባልዲሳሪ ብራናውን ገጽ በገጽ እየገለጠ ብዙ ቆየ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ለምን እኔን ያዩኛል አለ። ቀጥሎም፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪናን ከጎኑ ስነድፍ ኖርሁ ብሎ እርሳሱን አነሣ። ሦስተኛው እጁ ያን ቀን ጀመረ። ከፊት ነው የነደፋት፤ ሁለት ክብ መብራት፣ ሰፊ መስኮት፣ አሮጊት ባርኔጣዋን ሳታወልቅ ቀጥ ብላ የምትቀመጥባት ትንሽ መኪና። ድሮ የምነድፈው መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያየው ነበር፣ አሁን ግን ውስጧ ለሚቀመጠው ነው ይል ጀመር። ያች መኪና አገሩን ሞላችው። ጋዜጠኞች ሐሳቡን ከየት አገኘኸው ሲሉት፣ ከልጅ ልጄ ፊት ይላቸዋል። እኔ ከኋላው ቆሜ እሰማለሁ። የጭቃ ቤቱ አለቃ አድርጎኝ ነበርና ትንፍሽ አላልሁም። መጽሐፉም አንተው ዘንድ ይቀመጥ ብዬ ሰጠሁት፤ ለጋስነት አልነበረም፣ ከዓይኔ እንዲርቅልኝ ፈልጌ ነው።

ባለፈው ሰኔ አርጅቶ ሥራውን ሲለቅ ሰው ተሰብስቦ አጨበጨበለት። እርሱ ግን ተነሥቶ፣ ይህን የመጨረሻውን መልክ የተማርሁት አይቻቸው ከማላውቅ ከአንድ የኢትዮጵያ ሠዓሊ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የራሴ አድርጌ ተናገርሁ፣ አሁን አፈርሁ አለ። ብራናውንም በሁሉ ፊት አስረከበኝ። ሰዎች እየመጡ የዚያ ሠዓሊ ልጅ አንተ ነህ እያሉ ጨበጡኝ። አባባ፣ እርሱ ከእኔ የወሰደውን ተናዘዘ፤ እኔ የሰረቅሁትን ታቅፌ ምስጋና ተቀበልሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእጄ ጭቃ ስነካ እንኳ ያሳፍረኛል።

መጽሐፉን ለረድኤት ሥራ ወደ እብናት የምትመጣ አንዲት ነርስ ታመጣልዎታለች። አንድ ቅጠል አልጎደለም። እባክዎ እርስዎ ዘንድ እንዳይቀመጥ። ደሳለኝ ሐሙሲት የሱቅ ሰሌዳ እየጻፈ እንደሚኖር ሰምቻለሁ፤ ያስጠሩት። ያዋረድነው በሕዝብ ፊት ነውና፣ በኅዳር ማርያም ንግሥ ይህ ደብዳቤ በሕዝብ ፊት ይነበብና መጽሐፉን በእጁ ይስጡት። ለእኔ ብለው ስሜን እንዳይሸፍኑ። አልመጣም ቢል እውነት አለው። ግድግዳው ግን የእርሱ ነው።

አንተስ ለምን ራስህ አትመጣም ቢሉኝ፣ ጊዜው አልፈቀደልኝም ብል ሁላችሁም ታምኑኝ ነበር። ከጊዜው ይልቅ የፈራሁት የደሳለኝን ፊት ነው።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ የሌባ እናት የሚላት ቢኖር ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሷ አይደለም በሉልኝ። እቴነሽ፣ ሳትዘይ ስላነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ባለቤትሽን ሞላንና ልጆቹን ሳሚልኝ። አክስቴን የሺን፣ ከነቤተሰቧ እንዴት ናችሁ በሉልኝ።

ለደሳለኝ ሰላምታ ለመላክ አፌ አልደፈረም። አንድ ልመና ብቻ ይንገሩልኝ። በሰሜኑ ግድግዳ፣ የጊዮርጊስ ፈረስ ከሚሣልበት ከእግሩ ሥር፣ ትንሽ ቦታ አለች። ልጅ ሳለሁ «እዚህ አንተን ተደፍተህ ስትለምን እሥልሃለሁ» ይሉኝ ነበር። ደሳለኝ ከመጣ፣ ከፈቀደም፣ እዚያ እርሱ ይሣለኝ። ከጎን ያድርገኝ። አንድ ዓይን ይበቃኛል።

ልጅዎ ይርጋ አስረስ
ቶሪኖ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1978 ዓ.ም.