ለእናትህ ባትሪ የገጠምኩት ቼክ ቫልቭ

ውድ ልጄ፣

የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ያልኳትን ሳታለዝብ እንድትጽፍ አስምያታለሁ፤ የሚጎረብጥህ ቃል ካለ የእኔ ነው።

የእናትህ የጆሮ መስሚያ ቻርጀር መብራት ሲዋዥቅ ተቃጠለ። አንተም በሁለት ወር ሌላ እልካለሁ አልክ። ሁለት ወር ላንተ ቀላል ነው። እኔ ግን አርባ ዓመት ስታወራኝ የኖረች ሴት ከፊቴ ተቀምጣ ዝም ስትል አየሁ። ባትሪዋን በፀሐይ እሞላለሁ ብልህ፣ «አባዬ፣ ኤሌክትሪክ እኮ የቧንቧ ውሃ አይደለም፤ እባክህ አትነካካ» አልከኝ። ስቀህም ነበር። ሰምቼሃለሁ፤ የእኔ ጆሮ ደህና ነው።

ከተጣሉ የግቢ መብራቶች ላይ ሁለት የፀሐይ ሰሌዳ ፈታሁ። የሸሚዝ ቁልፍ ከምታክለው ባትሪ ጋር በሽቦ አገናኝቼ መስኮት ላይ አሰጣሁት። አመሻሽ ላይ መስሚያዋ ጢጥ ትላለች፤ ጠዋት ግን በድን ናት። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልጄ ልክ ነበር ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቧንቧ የገጠመ እጄ አሰበልኝ። ፓምፕ ሲቆም ወደ ጣሪያ የወጣው ውሃ በመጣበት ይመለሳል። ለዚህ ነው ቼክ ቫልቭ የምንገጥመው፤ ወደፊት ያሳልፋል፣ ወደኋላ ይከለክላል። ፀሐይም ፓምፕ ናት። ስትጠልቅ ባትሪው ያጠራቀመውን ወደ ሰሌዳው ይመልሳል ማለት ነው። ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሄጄ የኤሌክትሪክ ቼክ ቫልቭ ስጠኝ አልኩት። መሳቅ ጀመረና መሃል ላይ ተወው።

«አባባ፣ ይሄን ማን ነገረዎት? እሱማ ዳዮድ ነው» ብሎ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ነገር አወጣልኝ።

«ቧንቧ ነገረኝ» አልኩት። በየት በኩል እንደምትገባ ግን ጠይቄዋለሁ፤ የማላውቀውን አውቃለሁ አልልም።

ሽቦው መሃል ገጠምኳት፤ ባትሪውም ቀን የሞላውን ይዞ አደረ። ትናንት ጠዋት መስሚያውን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ማጠፍ ስትጀምር፣ ድምፄን ሳላነሳ ጠራኋት። ዞር አለች።

«አንተ፣ ድምፅህ አርጅቷል እኮ» አለችኝ።

በዕድሜዬ እንደዚህ የጣፈጠኝ ስድብ የለም።

ልብስ ሰፊዋ «‹ይቅርታ ጠይቀኝ› ብዬ ልጨምር?» ትለኛለች። አትጨምሪ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንተን ግን በእነዚሁ እጆች አስቆጥሬሃለሁ፣ እንኳንም አስቆጠርኩህ። ቻርጀሩንም ላከው፤ ለመጠባበቂያ ይሆነናል። ስትደውል ግን እንደ ድሮው አትጩህ። እናትህ ትሰማለች።

በጣቴ አሻራ፣
አባትህ፣ ቧንቧ ሠራተኛው