ለባዶው ወንበር የተሰፋ ኮት

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? የባለቤትህ ወገብ ተሻላት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር ውሸት አያምርብኝም።

የአባባ እግር በር ላይ ሲደርስ ወለሉ ላይ ይጣበቅ ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሟ ግን እግሩ ጤነኛ ነው አለችኝ። አንጎል ውስጥ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በእርጅና በማንም ላይ ይቀንሳል፣ በአባባ ግን በሽታ ተጨምሮበት ሊያልቅ ደርሷል። «ተራመድ» የሚለው ትእዛዝ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ክኒን አዘዘችለት። ወለል ላይ መስመር ማየትም ይረዳዋል ስላለችኝ፣ በራሱ የስፌት ጠመኔ ከአልጋው እስከ ስፌት መኪናው አሰመርኩለት። አርባ ዓመት ጨርቅ ላይ ሲያሰምር የኖረ ሰው አይደል፣ መስመር ሲያይ እግሩ ታዘዘለት።

መራመድ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ለአባባ ዓይን ብቻ፣ አንተ መጣህ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነህ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥክ፤ የደንበኛ ሥራ ይቀድማል ብሎ ኮት ሳይሰፋልህ በቀረበት ዓመት እንደነበርከው። አባባ ሜትሩን አውጥቶ ባዶውን ወንበር ለካ፣ ቁጥሩን እኔ ጻፍኩ። ቆርጦ ሰፋው፤ እጅጌው እንኳ አልተዛነፈም። የማጎርሰውን እኔን ግን «ደንበኛዬ» ይለኛል። ቀናሁብህ፣ አልዋሽህም።

ሐኪሟ የሌለውን የሚያሳየው ክኒኑ ነውና ይቀነስ አለች። በአራተኛው ቀን ወንበሩ ባዶ ሆነ፣ እግሩም መስመሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። «ምን ብለሽ አስቀየምሽው?» ብሎኝ አለቀሰ። ሐኪሟን ለምኜ ወደ ቀድሞው መለስነው፤ እግሩ ተፈታ፣ አንተም ተመለስክ። አሁን ወንበሩን ስወለውል «እስቲ አንዴ ተነሥ» እላለሁ። ተነሥተህ እንደሆነ ስለማላውቅ ጥቂት እጠብቃለሁ።

ስለዚህ ቶሎ ና። ያንን ልጅ እያየ አንተን ማን ነህ ቢልህ ግን እንዳትቀየም።

ባለቤትህ ከባድ እንዳታነሣ ንገርልኝ። የትንሿን ሁለት ጉንጭ ሳምልኝ። ኮቱን ለትልቁ ልጅህ ልልክለት ብል፣ አባባ «የኮቱ ባለቤት እዚህ ተቀምጦ?» ብሎ ነጠቀኝ። ባለቤቴና ልጆቼ እጅግ አድርገው ሰላም ብለውሃል። አባባ ሰላምታ አልላከልህም። አጠገቤ ለተቀመጠ ልጅ ምን ሰላምታ ይላካል አለኝ።

እህትህ
ከአባባ የስፌት ክፍል፣ ሐሙስ ጥቅምት ፱ ቀን