«በኋላ አስታውሰኝ»ን ለምትጫነው ሩሐማ

ሩሐማዬ፣

ከሥራ ስትመለሺ ኮምፒውተራችን መልኩን ቀይሮ ብታገኚው አትደንግጪ፤ አልተበላሸም። አንቺ ወር ከወር «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን እየተጫንሽ ያባረርሽውን አፕዴት፣ መብራት እንዳይጠፋብኝ እየተሳቀቅሁ ጫንሁት።

ያ «ሞቷል» ብለሽ አበባሽን ያስቀመጥሽበት ፕሪንተር ይሠራል። አዲሱ ሲስተም ገና ገመዱን ስሰካው አወቀው። ለሙከራ ያወጣሁት የሰርጌን መጥሪያ ነው፤ ያንቺ ስም አለበት። አበባሽ መስኮቱ ላይ ነው፤ ውሃ ይፈልጋል።

ካሜራውም ነፍስ ዘርቷል፤ ከእንግዲህ ስንደዋወል ጥላሽን ሳይሆን አንቺን አያለሁ።

ሲመሽ ስክሪኑ በራሱ ቢጫ ቢጫ ይላል። ለዓይንሽ ብሎ ነው፣ ቴክኒሻን ጋ እንዳትሮጪ።

እኔ ወደ ወረታ ሄድሁ።
የኔ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ትመጪ እንደሆን በጠየቅሁሽ ቁጥር «እናያለን» ትይኛለሽ። እናቴ ግን የሚታይ ነገር አልጠበቀችም፤ የእኛን ሥጋ እንደማትበይ ስለምታውቅ፣ ጎረቤታችን ጋሽ አዘዘ በስመ አብ ብለው የሚያርዱት በግ ለብቻ አስገዝታለች። ጋሽ አዘዘ ደግሞ ጥርስ የላቸውም። ማን ሊጨርሰው ነው?

ቀኑን ካላንደሩ ላይ አስገብቼልሻለሁ፤ ኮምፒውተሩን ስትከፍቺ ብቅ ይላል። «በኋላ» የምትለዋ ቁልፍሽ አሁንም አለች፤ ይህን ሁሉ ያሻሻሉ ሰዎች እሷን አልነኳትም።

አንቺም እንዳትነኪያት። ከነካሻት በጉን ከነነፍሱ እልክልሻለሁ። ክፍሌ ባዶ ነው፤ እሱ ይግባበት።

ሱንዱስ