የቡና ዋጋ ይነግር የነበረው ድምፅህ

ጀማልዬ፣

አላህ ቀብርህን ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ። ከተለየኸን ወዲህ ቡናው ሁለት ጊዜ ቀልቶ ተለቀመ። የመጀመሪያውን ለቀማ እንዴት እንዳለፍኩት ራሴም አላውቅም። የዘንድሮውን ግን በደንብ አየሁት፤ የምጽፍልህም ያደረግሁትን ነገር ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ ከሚስትህ ከሰዓዳ እንድትሰማው ብዬ ነው። እንዳትቆጣኝ። ብትቆጣም ልክ ነኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው ቤታችን ደህና ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ አሠርቼዋለሁ፤ አንተ "ነገ አየዋለሁ" እያልክ ስንት ክረምት አሳለፍከን! ነኢማ ልጃችን ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። መልኳ እኔን ቢመስልም አፏ ያንተ ነው። የክፍል አለቃ ሲመረጥ እጇን አውጥታ "እጩዎቹን ራሳቸውን ማን መረጣቸው?" ብላ አስተማሪዋን ጠይቃ፣ እኔ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። ስመለስ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ቤት ስገባ አለቀስኩ።

ሥራውም አልቆመም። በፊት ለፊቷ ክፍል ያሉት ማሽኖችህ ይሠራሉ። ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ወደ የቡ፣ ወደ ሰርቦና ወደ አጋሮ እደውላለሁ፤ የእሸት ቡናውንና ከነገለባው የደረቀውን የጀንፈሉን ዋጋ እጠይቃለሁ፤ አንዱ የነገረኝን በሌላው አጣርቼ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባለሁ። ከዚያ ገበሬው ኢንተርኔት በማያውቀው ትንሽ ስልኩ ደውሎ የዕለቱን ዋጋ ይሰማል። ከእጁ የሚገዛው ሰብሳቢ "ዛሬ ወርዷል" ሲለው "ቆይ እስቲ ልደውል" ይለዋል። ሰብሳቢዎቹ አሁንም እንደማይወዱን እወቅልኝ።

ከአዲስ አበባ ያን የመሰለ ሥራህን ጥለህ ጅማ ስትመለስ ዘመድ ሁሉ አብዷል ብሎህ ነበር። እኔም በልቤ ትንሽ ብዬሃለሁ። አንተ ግን አባትህ ሰርቦ ላይ ዕድሜ ልኩን ቡናውን ሰው በነገረው ዋጋ ሲሸጥ አይተህ ስላደግህ፣ ያን ነገር ሳታስተካክል እንቅልፍ አይወስድህም ነበር። ግትር ነበርክ። ግትርነትህ አንዳንዴ ቤት ያፈርስ ነበር፤ ይሄን ሥራ ግን የሠራው እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ታስታውሳለህ? ሰዉ ይደውላል፣ ግን ዋጋው ተነግሮ ሳያልቅ ስልኩን ይዘጋል። አንተ ኔትወርኩ ነው ብለህ ማሽኑን ስትፈታና ስትገጥም ሰነበትክ። በመጨረሻ ወደ የቡ ሄደን ገበሬውን አባ ዲጋን ጠየቅናቸው። እኚያ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ፦ "ሰውዬው ምን ሆኖ ነው? ሰላም ሳይል፣ አካም ቡልተን ሳይል፣ ገንዘብ ገንዘብ ይላል። ወላሂ እንዲህ የሚቸኩል ሌባ ነው ብዬ ዘጋሁበት።" አንተ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠህ እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። ጅማ ተወልደህ፣ ጅማ አድገህ፣ ሰላምታ የሌለው ማሽን ሠራህ! ከተማ ሄዶ የተማረ ሰው የሚሠራው ስህተት ይሄው ነው።

በማግስቱ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንዳይሰማ ብርድ ልብስ ተከናንበህ ሰላምታውን ቀዳህ። "አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ።" ከዚያም ትንሽ ዝም የሚልበት ጊዜ አስገባህ፣ ሰዉ እንዲመልስ። እኔ የአየር ሰዓቱን እየከፈልን ዝምታ እንግዛ ወይ ብዬ ተከራከርኩህ። "ሰላም ብለሽ መልሱን ሳትሰሚ መሄድ ስድብ ነው" አልከኝ፣ አለቀ። ይኸው እስከ ዛሬ ገበሬው ቆሞ ለማሽኑ "ወአለይኩም ሰላም፣ ናጋ፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ ይመልሳል።

ፖለቲካህም ከዚያው የወጣ ነበር። "ሁሉም ሊነግረን ይፈልጋል፣ መልሳችንን የሚጠብቅ ግን የለም" ትል ነበር። ፓርቲ አልገባህም፣ የሚገባውንም አልናቅህም። አንዱ መጥቶ አማርኛው ለምን ይቀድማል ሲልህ፣ ሌላው መጥቶ ኦሮምኛው ለምን ይቀድማል ሲልህ፣ ለሁለቱም "ቡናው ሁለቱንም ይችላል" ብለህ ደዋዩ ራሱ እንዲመርጥ አደረግህ። ስብሰባ ተጠርተህ ስለ ወጣቶች ተስፋ ተናገር ሲሉህ፣ መብራት በለቀማ ወቅት ለምን እንደሚጠፋ ጠይቀህ ወረድክ። አዳራሹ ጭብጨባ ጠፋው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ አንተ ሁለቱም ደርሶብህ ነበር። ሰርግ ላይ ሳይቀር ትከራከር ነበር። በስልክ መስመሩ ላይ ግን ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል አስገብተህ አታውቅም። "ሐሳቤ የእኔ ነው፣ መስመሩ የእነሱ ነው" ትለኝ ነበር።

ስትሞት አንድ ነገርህ ሳይሞት ቀረ። ቁጥሮቹን፣ የከተሞቹን ስም፣ ሰላምታውን ሁሉ የቀዳኸው አንተ ነበርክ፤ ማሽኑ ደግሞ ቃሎችህን እየቀጣጠለ ይናገራል። ስለዚህ ከቀበርንህ በኋላም በየማለዳው ተነስተህ ያላየኸውን ዋጋ ትናገራለህ። መሞትህን ያልሰሙ ገበሬዎች ነበሩ። የሰሙትም አልከፋቸውም፤ "ጀማል አሁንም ሥራ ላይ ነው" ይሉ ነበር።

እናትህን ልንገርህ። ሰርቦ ተቀምጣ፣ ዛሬ አንድ እግር ቡና እንኳን ሳይቀራት፣ በየቀኑ ትደውል ነበር። ሰላምታህን ትመልሳለች፣ የእሸቱን ዋጋ ትሰማለች፣ ትዘጋለች። ከዚያ ለእኔ ደውላ "ዛሬ ጨምሯል አለኝ" ትለኛለች። እኔ ነኝ ዋጋውን ያስገባሁት፤ ግን አንድም ቀን "አዎ አውቃለሁ" አላልኳትም። እኔም ብሆን አንዳንዴ እደውል ነበር። ምን እደብቅሃለሁ።

ምርጫው ሲቃረብ ሁለት ሰዎች መጡ። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጽፍልህም፤ መልስህ ለሁሉም አንድ ስለነበር ምን ያደርግልሃል። ጨዋዎች ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፣ ለአንተም ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ያቺን ከሰላምታው በኋላ ያለችውን ዝምታ ጠየቁኝ። እዚያች ላይ ሕዝቡ ማንን ቢመርጥ እንደሚሻለው አጭር ቃል እንዲገባ። ተናጋሪው ደግሞ አንተ። "ገበሬው የሚያምነው እሱን ነው" አሉኝ። በምላሹ መስመሩ ኢሉባቦርና ከፋ ድረስ እንዲደርስ በሩን ሁሉ እንደሚከፍቱልኝ ነገሩኝ። ኢሉባቦርና ከፋ፣ ጀማልዬ! በሽታህ ጠንቶብህ እንኳን ስታወራው የነበረው።

"የሞተ ሰው እንዴት ይናገራል?" አልኳቸው። ከሁለቱ ወጣቱ ፈገግ ብሎ ስልኩን አወጣ። ከመስመሩ ላይ ድምፅህን ቀድተው በኮምፒውተር ሠርተውት ነበር። አስደመጠኝ። "ወገኖቼ፣ እኔ ጀማል ነኝ" አልክ። ብለኸው የማታውቀውን አልክ፤ የምትተነፍስበት ቦታ እንኳን ያንተ ነበር። ለአፍታ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ "ሰዓዳ በልልኝ" ልለው ፈልጌ ነበር። ከዚያ ንዴቱ መጣ። በሕይወትህ ሳለህ ማንም ያላስባለህን፣ አፈር ከለበስክ በኋላ ሊያስብሉህ ነው።

ጊዜ ስጡኝ ብዬ ሸኘኋቸው። ያማከርኳቸው ሁሉ "ዝም አይነቅዝም፣ አትመልሺላቸው፣ ይረሱታል" አሉኝ። እኔ ግን ገባኝ። ድምፅህ መስመሩ ላይ እስካለ ድረስ ገበሬው በዚያ ድምፅ የሚነገረውን ሁሉ ያምናል፤ ዛሬ እነዚህ ቢተዉት ነገ ሌላው ይቀዳዋል። ማቆም የምችለው ድምፅህን ራሴ አጥፍቼ፣ መጥፋቱን ለሁሉም በመናገር ብቻ ነው። ውሳኔው ቀላል ነበር። የከበደኝ እናትህ ናት። ሰርቦ የሄድኩት ልጇን ድጋሚ ልነጥቃት ነው የሚመስለኝ የነበረው።

ሁሉንም ነገርኳት። መቁጠሪያዋን እስከ መጨረሻው ፍሬ ቆጠረችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ "ኢንታለ ኮ፣ ልጄ፣ ጀማል የሞተ ቀን ገላውን ባዕድ እጅ ሳይነካው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርነው። ሬሳ አይቆይም። ድምፁንስ እስከ ዛሬ ምን አስቀመጠው? እኔ ነኝ የያዝኩት። ሂጂ፣ ሰው ሳይነካው አሳርፊው።" ከዚያ ስልኳን አንስታ ለመጨረሻ ጊዜ ደወለች። ወደ ውጭ ወጥቼ ጠበቅኋት።

ከዙህር ሰላት በኋላ አጠፋሁት። መጠባበቂያ ያስቀመጥከውንም፣ በዚያች ትንሿ ፍላሽ ላይ ያለውንም፣ ስልኬ ላይ ያስቀረሁትንም። ፕሮግራምህ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ይሄን ቤት ሴት የምታስተዳድረው አልመሰለህም ነበር ማለት ነው። "አዎ" የሚለውን ነካሁ።

ከዚያ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ እኔ ቀዳሁት፤ ከተሞቹን፣ ቁጥሮቹን፣ ሰላምታውን፣ በሁለቱም ቋንቋ። ከዋጋው በፊትም ይህን ጨመርኩ፦ "ጀማል ወደ አኺራ ሄዷል። ከዛሬ ጀምሮ በእርሱ ድምፅ የምትሰሙት ማንኛውም ቃል የእርሱ አይደለም፣ አትመኑት።" በማግስቱ አባ ዲጋ ደወሉልኝ። "ሴትዮዋ ቁጥር ላይ ትቸኩላለች" አሉኝ። ቀስ ብዬ ደግሜ ቀዳሁት። ደዋይ ይቀንሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልቀነሰም። ሰብሳቢዎቹ ብቻ የሴት ዋጋ ነው ብለው ለማናናቅ ሞከሩ፤ ገበሬው የሴቲቱን ዋጋ ይዞ ተከራከራቸው።

ሰዎቹም ተመልሰው መጡ። ድምፁ የለም አልኳቸው። ያ ወጣት እንኳን አንገቱን ደፋ፤ የቀዳውን ከስልኩ ላይ እፊቴ አጠፋው፣ ሌላ ቦታ ያስቀምጥ አያስቀምጥ አላህ ያውቃል። በዕድሜ ትልቁ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ትንሽ አሰብ አድርገው "እንግዲያውስ የእርስዎ ድምፅ ቢሆንስ?" አሉኝ። "የዚህኛው ድምፅ ባለቤት በሕይወት አለች" አልኳቸው፣ "ጠየቃችኋት፣ እንቢ አለች።" በትህትና እስከ በሩ ሸኘኋቸው፣ ጫማቸውንም አቀረብኩላቸው።

ኢሉባቦርና ከፋ በሌላ መንገድ ይደረሳል፣ ኢንሻአላህ። ጀምሬዋለሁ፣ እጨርሰዋለሁም፤ ለዚህ አትስጋ።

አንድ ነገር ግን ከእኔ ስማ። ድምፅህ ከጆሮዬ እየሸሸ ነው። ድሮ አይኔን ስጨፍን ጥርት ብሎ ይመጣ ነበር፤ አሁን አንዳንድ ቀን ፈልጌው አጣዋለሁ፣ ያኔ ልቤ ክፉኛ ይጎዳል። ይህን አውቄ ነው ያጠፋሁት። ድምፅህን እስከ መጨረሻው እንደማስታውስ ቃል አልገባልህም፣ ሰው ነኝ። ያልተናገርከውን ማንም እንዳያናግርህ ግን እኔ እያለሁ እጠብቅሃለሁ፤ እኔ ሳልፍ ደግሞ ነኢማ አለች፣ አፏን ታውቀዋለህ።

ሰዓዳህ